የምክር ቢሯችሁ በር እንዳይዘጋ

ሰውን ስለ ማዳመጥ ገንዘብ ይጠየቃል? ይህን ጥያቄ ለራሱ ሳያነሣ የግል የምክር ቢሮ የከፈተ ክርስቲያን ያለ አይመስለኝም። ሳይኮሎጂ ወይም የምክር አገልግሎት ተምሮ፣ በሆስፒታል ወይም በእርዳታ ድርጅት ጥቂት ዓመታት ተቀጥሮ ሠርቶ፣ "አሁንስ የራሴን ልጀምር" ብሎ ይነሣል። ክፍል ይከራያል፤ ቀለም ያስቀባል፤ ሁለት ምቹ ወንበሮችና አንድ ትንሽ ጠረጴዛ ያስገባል፤ ጠረጴዛው ላይ ሶፍት ያስቀምጣል። ሁሉም ነገር ተሟልቶ ሳለ የመጀመሪያዋ ተመካሪ "ክፍያው ስንት ነው?" ስትለው ግን አንደበቱ ይያዛል። "ግድ የለም፣ እንደ አቅምሽ" ይላል። "መጀመሪያ እንነጋገር፣ የገንዘቡ ይደርሳል" ይላል።

ልቡ መልካም ነው። ነገር ግን የቤቱ ባለቤት ለኪራዩ "እንደ አቅምህ" አይለውም።

ይህ ጽሑፍ የግል የምክር ቢሮ ለከፈታችሁ፣ ልትከፍቱም ላሰባችሁ ወንድሞችና እህቶች ነው። የእነዚህ ባለሙያዎች ባል ወይም ሚስት ለሆናችሁ፣ "ለምክር ደግሞ ይከፈላል እንዴ?" ለምትሉም ጭምር ነው። ልነግራችሁ የምፈልገው በአጭሩ ይህ ነው፦ ቢሮን እንደ ሥራ ፈጣሪ አስቦ መምራት የርኅራኄ ተቃራኒ አይደለም። የተሰበረ ልብ ይዞ ለሚመጣው ሰው በሩ በሚቀጥለው ወርም ክፍት ሆኖ እንዲቆይ የሚያደርገው ይኸው ማሰብ ነው።

ቢሮው ሲዘጋ የሚጎዳው ማን ነው?

ብዙ ጊዜ ስለ ኪሳራ ስናስብ የምናየው ባለ ቢሮውን ነው። የከፈለው ኪራይ፣ የገዛው ዕቃ፣ የተበደረው ገንዘብ ይታየናል። በምክር ሥራ ግን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ሌላ ነው።

እስቲ አስቡት። በልጅነቷ የደረሰባትን በደል ለሃያ ዓመታት ለማንም ሳትናገር የኖረች አንዲት ሴት ወደ አማካሪ ትመጣለች። በመጀመሪያው ቀን ስለ ራስ ምታቷ ብቻ ታወራለች። በሦስተኛው ስለ ትዳሯ ትናገራለች። በስምንተኛው ቀጠሮ ላይ የተዘጋውን በር በትንሹ ትከፍታለች። በዘጠነኛው ስትመጣ ቢሮው ተዘግቷል፤ ስልኩም አይነሣም። ይህች ሴት ዳግመኛ ለሌላ ሰው አፏን ለመክፈት ስንት ዓመት ይፈጅባት ይሆን? አበው "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" ይላሉ። እርሷ ግን በሽታዋን ገልጣ ሳለ መድኃኒቱ መንገድ ላይ ቀረባት።

ስለዚህ ኪራይ መክፈል፣ ሒሳብ መያዝና ዋጋ ማውጣት ከምክሩ ተለይቶ የቆመ የንግድ ጉዳይ አይደለም። ለዚህች ሴት የገባነው ቃል አንድ ክፍል ነው።

በነፃ የሚሰጠውና ሙያው

የመጋቢ ሚስት ሳሎን ምን እንደሚመስል ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ቡና ይፈላል፤ እንባ ይፈስሳል፤ ይጸለያል። ለዚህ ማንም ከፍሎ አያውቅም፤ ሊከፍልም አይገባም። ወንጌል አይሸጥም፤ ጸሎትም ዋጋ አይወጣለትም። ብዙ ክርስቲያን አማካሪዎች ገንዘብ መጠየቅ የሚከብዳቸው ከዚህ ሳሎን ስላደጉ ይመስለኛል።

ነገር ግን ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 ጳውሎስ ድንኳን ሰፊ እንደ ነበረ ይነግረናል። ጳውሎስ ወንጌልን በነፃ ሰበከ፤ የሰፋውን ድንኳን ግን በነፃ አደለ የሚል የለም። የእጅ ሙያው ዋጋ ነበረው፤ ያ ዋጋም አገልግሎቱን ደገፈለት።

የምክር ባለሙያም ሙያ አለው። የጭንቀትን፣ የድባቴን፣ የሐዘንንና የአሰቃቂ ገጠመኝን ጠባይ ለዓመታት አጥንቷል። ምሥጢር ለመጠበቅ በሙያው ሥነ ምግባር ታስሯል። ማስታወሻ ይይዛል፤ ከእርሱ በላይ ልምድ ካለው ባለሙያ ጋር ሥራውን ይገመግማል። የአእምሮ ሐኪም የሚያስፈልገውን ሰው ለይቶ ይልካል። ይህ ሁሉ ጊዜና ወጪ ይጠይቃል። እንግዲህ እናንተ ለወንጌል ዋጋ አላወጣችሁም፤ ለተማራችሁትና ኃላፊነት ለምትወስዱበት ሰዓት ነው የምታስከፍሉት። ይህን ልዩነት ልባችሁ ከተቀበለ አንደበታችሁም አይያዝም።

ሥራ ፈጣሪ ማለት ምን ማለት ነው?

"ሥራ ፈጣሪ" ወይም "ኢንተርፕረነር" ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን አትራፊ ነጋዴ ነው። ቃሉ ግን ከዚያ ይሰፋል። ሥራ ፈጣሪ ማለት ሰዎች የተቸገሩበትን ነገር አስተውሎ፣ በእጁ ባለው ነገር መፍትሔ የሚሠራ፣ የሚደርስበትንም ኪሳራ አስቀድሞ አስልቶ የሚነሣ ሰው ነው። ተቀጣሪ "ምን ልሥራ?" ብሎ አለቃውን ይጠይቃል። ሥራ ፈጣሪ "ምን ጎድሏል?" ብሎ ሰፈሩን ይጠይቃል።

በዚህ ረገድ ከአህጉራችን አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ዲክሰን ቺባንዳ የዚምባብዌ የአእምሮ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 አንዲት ወጣት ታካሚው ራሷን አጠፋች። ወደ ሆስፒታል ያልመጣችው ለአውቶቡስ የሚሆን ገንዘብ አጥታ እንደ ነበረ ከቤተሰቧ ተረዳ። ሐኪሙ በዚህ አዝኖ ብቻ አልቀረም፤ ምን እንደ ጎደለ ጠየቀ። ሐኪሞች ጥቂት ናቸው፤ ክፍልም የለም፤ ሰዉ የሚያከብራቸው አያቶች ግን በየሰፈሩ አሉ። በ2006 በሐራሬ ከተማ 14 አያቶችን አሠልጥኖ ከጤና ጣቢያው ውጭ በእንጨት አግዳሚ ወንበር ላይ ሰዎችን እንዲያዳምጡ አደረገ። "የወዳጅነት ወንበር" የሚባለው ይህ ሥራ በ573 ሰዎች ላይ ተፈትሾ ውጤቱ በ2016 በታወቀ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ታትሟል፤ አያቶቹ ያማከሯቸው ሰዎች የተሻለ ለውጥ አሳይተዋል። ይህ የግል ቢሮ አይደለም፤ አስተሳሰቡ ግን በትክክል የሥራ ፈጣሪ አስተሳሰብ ነው። ክፍል የለም ብሎ አልተቀመጠም፤ ወንበር አገኘ።

ሌላው ምሳሌ በክርስቲያን አማካሪዎች ዘንድ የታወቀው ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ፖል ቱርኒየ ነው (1898–1986)። በጄኔቫ በግሉ የሚሠራ ጠቅላላ ሐኪም ነበር። ከሰውነት በሽታ ጀርባ የሕይወት ጭንቀት እንዳለ ስላስተዋለ፣ እ.ኤ.አ. በ1937 አሠራሩን ለውጦ ታካሚዎቹን እንደ ሙሉ ሰው ማዳመጥ ጀመረ። በዚህ አካሄድ ላይ የጻፈው የመጀመሪያ መጽሐፉ በ1940 ወጣ። ተደላድሎ የያዘውን ሥራ መለወጥ ድፍረት ይጠይቃል። ቱርኒየ ሙያውን አልተወም፤ በሙያው ውስጥ የጎደለውን አይቶ አዲስ መንገድ ከፈተ።

በአገራችንም የጎደለው ብዙ ነው። ለብዙ አስርት ዓመታት የአእምሮ ሕክምና ሲባል በሰዉ አፍ የነበረው አንድ ስም አማኑኤል ሆስፒታል ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ስለዚህ በሰፈራችሁ የምትከፍቱት አንድ ንጹሕ፣ ጸጥ ያለ፣ ምሥጢር የሚጠበቅበት የምክር ክፍል ትልቅ ክፍተት ይሞላል።

ዋጋ እንዴት ይወጣል?

ብዙዎች ዋጋ የሚያወጡት "ሌላው ስንት ያስከፍላል?" ብለው ነው፤ ወይም ደግሞ አፍረው ከሁሉ ዝቅ ያደርጋሉ። ሁለቱም ስሌት አይደሉም። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙና እንደሚከተለው አስሉ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የቀረቡ ናቸው፤ በራሳችሁ ቁጥር ተኩአቸው።

በወር፦
የክፍል ኪራይ 20,000 ብር
የቀጠሮ ተቀባይ ደመወዝ 8,000 ብር
መብራት፣ ውኃ፣ ስልክ፣ ኢንተርኔት፣ ጽዳትና ሻይ 4,000 ብር
ለሙያ ክትትልና ሥልጠና 3,000 ብር
ለሒሳብ ሠራተኛና ለፈቃድ እድሳት 2,000 ብር
ለራሳችሁ ደመወዝ 25,000 ብር
ለክፉ ቀን መጠባበቂያ 4,000 ብር
ድምር 66,000 ብር

አሁን በወር ስንት ሰው በእውነት ልታማክሩ እንደምትችሉ ቁጠሩ። በቀን ስምንት ሰው አላችሁ? አይሆንም። ከአምስት ሰው በላይ በሙሉ ልብ ማዳመጥ ለብዙዎች ይከብዳል። በዓል አለ፤ ዝናብ አለ፤ የሚቀር ሰው አለ፤ እናንተም ትታመማላችሁ። በሳምንት 15 ሰው በወር 60 ክፍለ ጊዜ ይሆናል። 66,000ን ለ60 ስናካፍል 1,100 ብር ይመጣል። ግብር ገና አልተነሣም። "500 ብር ይበቃኛል" ያለው አማካሪ እንግዲህ በእያንዳንዱ ሰው 600 ብር ከራሱ እየጨመረ ነው ማለት ነው። ቸርነት መስሎት ነው፤ ነገር ግን ከሌለው ላይ እየሰጠ ስለ ሆነ ብዙ ወር አይዘልቅም።

በዝርዝሩ ውስጥ "ለራሳችሁ ደመወዝ" የሚለውን ልብ በሉ። ብዙ ባለ ቢሮዎች ይህን መሥመር ይረሱታል። የተረፈውን እንወስዳለን ይላሉ፤ የሚተርፍ ግን የለም። ልጆቻችሁ የትምህርት ቤት ክፍያ አለባቸው። የራሱን ቤት ጭንቀት ተሸክሞ የገባ አማካሪ የሌላውን ጭንቀት ለመስማት ጆሮው ይደክማል።

ድሆቹስ?

"ታዲያ መክፈል የማይችለው የት ይሂድ?" ትሉ ይሆናል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ያለ እርሱ ይህ ጽሑፍ ጎደሎ ይሆናል። መልሱ ግን ለሁሉም ዋጋ ማርከስ አይደለም። ስጦታውንም በሒሳብ ውስጥ ማስገባት ነው።

ወደ ስሌታችን እንመለስ። ከ60ው ክፍለ ጊዜ 10ሩን በነፃ ለመስጠት ከወሰናችሁ 66,000ን ለ50 ታካፍላላችሁ፤ ዋጋችሁ 1,320 ብር ይሆናል። 10ሩ ግማሽ ዋጋ እንዲከፍሉ ካደረጋችሁ ደግሞ 1,200 ብር ይሆናል። እነሆ፣ አቅም ያለው ሰው የተቸገረውን ይሸከማል፤ "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" የሚባለው ይህ ነው። ነፃ ቦታዎቹ ስንት እንደ ሆኑ በቁጥር ይታወቁ። ሲሞሉ "ቦታ እስኪገኝ ትንሽ ይጠብቁ" ወይም "እገሌ ጋ ላገናኝዎት" ማለት ትችላላችሁ። አስቸኳይ አደጋ ላይ ያለን ሰው ግን ገንዘብ የለውም ብላችሁ ከደጅ አትመልሱ፤ ያን ቀን አዳምጡት፤ ወደ ሆስፒታልም አድርሱት።

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። በብዙ አሳቡ የማንስማማው ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ጽሑፍ ሐኪሙ ከታካሚው ጋር ስለ ገንዘብ ከመጀመሪያው ያለ እፍረት በግልጽ መነጋገር እንዳለበት ጽፏል። እርሱ ራሱም ለአሥር ዓመታት ያህል በየቀኑ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ሁለት፣ በነፃ ለማከም መድቦ እንደ ነበረ በዚያው ጽሑፍ ተናግሯል። በ1918 በቡዳፔስት ጉባኤ ላይ ደግሞ ድሆች በነፃ የሚታከሙበት ክሊኒክ እንዲቋቋም አሳሰበ፤ ተከታዮቹም በ1920 በበርሊን ክሊኒክ ከፈቱ። ዋጋ በግልጽ መጠየቅና ለድሃው ቦታ መያዝ በአንድ ሰው እጅ አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ ከዚህ እንረዳለን።

ለማን ተጠራችሁ?

"ማንኛውንም ችግር እናማክራለን" የሚል ሰሌዳ ለማንም አይናገርም። ሰው የራሱን ችግር ስም ሲያይ ነው የሚቆመው። ስለዚህ በትምህርታችሁና በልምዳችሁ በተለይ የምትረዱትን ለዩ። ለጋብቻ የሚዘጋጁ እጮኛሞች ናቸው? ልጃቸውን የቀበሩ ወላጆች? ከዓረብ አገር ብዙ መከራ ተሸክመው የተመለሱ እህቶች? በፈተና ጭንቀት እንቅልፍ ያጡ ተማሪዎች? ሁለት ወይም ሦስት ምረጡና በእነርሱ ላይ ጠንክሩ። በሌላ ችግር የመጣውን ሰው ደግሞ የተሻለ ወደሚያውቅ ባልደረባ ምሩት። ዛሬ የላካችሁለት ባልደረባ ነገ ይልክላችኋል፤ ከሁሉ በላይ ግን ሰውዬው ይጠቀማል።

ሰው እንዴት ይወቃችሁ?

የምክር ሥራ እንደ ሌላው ሥራ አይታወጅም። የተረዱ ሰዎችን ምስክርነት በፎቶ አስደግፎ ማውጣት፣ "በሦስት ቀን ከጭንቀት እንገላግላለን" ብሎ መለጠፍ ለሙያውም ለሰውም ክብር አይሆንም። ሰው ፈቅዶ እንኳ ቢሆን፣ ገና በደከመበት ወቅት የሰጠው ፈቃድ በኋላ ሊጸጽተው ይችላል።

የሚሻለው መንገድ ሰው ሲጨነቅ አስቀድሞ ወደሚሄድባቸው ሰዎች መሄድ ነው። እነዚህ መጋቢዎችና የመጋቢ ሚስቶች፣ የሰፈር ክሊኒክ ሐኪሞችና ነርሶች፣ መምህራንና የዕድር ሽማግሌዎች ናቸው። ሄዳችሁ ራሳችሁን አስተዋውቁ። ምን እንደምትሠሩ፣ ምን እንደማትሠሩ፣ ክፍያው ስንት እንደ ሆነ፣ ምሥጢር እንዴት እንደምትጠብቁ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ስጡ። በትምህርት ቤት ለወላጆች፣ በቤተ ክርስቲያን ለወጣቶች ስለ ድባቴ ወይም ስለ ሐዘን የአንድ ሰዓት ትምህርት ስጡ። ሰው ድምፃችሁን ከሰማ ወደ ቢሯችሁ ለመምጣት አይፈራም።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። መጋቢው የላከው ሰው የተናገረውን ለመጋቢው አትንገሩ። "ያቺ እህት እንዴት ሆነች?" ሲል ቢጠይቃችሁ፣ "እርሷን ይጠይቋት" በሉ። መጀመሪያ ቅር ይለው ይሆናል። ኋላ ግን የራሱን ሸክም ይዞ የሚመጣው ወደዚያ አፉን ወደሚጠብቀው ሰው ነው።

ሥርዓት ያለው ቢሮ

ከመክፈታችሁ በፊት ፈቃዱን ጨርሱ። የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ሥራው የሚጠይቀው የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ምን ምን እንደ ሆነ በአካባቢያችሁ ካለው የንግድና የጤና መሥሪያ ቤት ጠይቁ። "ትንሽ ነው፣ ማን ያየኛል?" ማለት አያዋጣም። በአሜሪካ የምትኖሩ ባለሙያዎችም በስልክ ወይም በቪዲዮ የምታማክሩት ሰው በሌላ ስቴት የሚኖር ከሆነ፣ በአብዛኛው በዚያ ስቴት ፈቃድ ሊኖራችሁ እንደሚገባ አስታውሱ።

ቀጠሮ ሲያዝ ደንቡ ከመጀመሪያው በወረቀት ይሰጥ። ክፍለ ጊዜው 50 ደቂቃ ነው፤ የዘገየ ሰው የቀረውን ደቂቃ ያገኛል፤ የማይመጣ ሰው ከ24 ሰዓት በፊት ያሳውቃል፤ ካላሳወቀ ግማሹን ይከፍላል። ለቅሶና ሕመም ግን ከዚህ ነፃ ይሁኑ። በአገራችን ለቅሶ የማይደርስ ሰው የለምና ደንባችሁ ባህላችንን ይወቅ። ክፍያው ሰውዬው አልቅሶ ሲወጣ ሳይሆን ሲገባ ለቀጠሮ ተቀባይዋ ይከፈል፤ ወይም በቴሌብር አስቀድሞ ይላክ። እንዲህ ከሆነ በእናንተና በእርሱ መካከል የብር ኖት አይቆጠርም። ደረሰኝ ሁልጊዜ ይሰጥ።

ደግሞም በአንድ ጊዜ አትዝለሉ። ከቅጥር ሥራችሁ ሳትለቁ በሳምንት ሁለት ምሽትና ቅዳሜን መጀመር ይቻላል። ሦስት አማካሪዎች አንድ ክፍል ተከራይተው ቀን ተከፋፍለው ቢሠሩ ኪራዩ ሲሦ ይሆናል። የስድስት ወር ወጪ ሳታስቀምጡ ደመወዛችሁን አትልቀቁ። መስከረም ሲመጣ ወላጆች ለትምህርት ቤት ስለሚከፍሉ ቀጠሮ ሊያራዝሙ ይችላሉ፤ ያን ወር አስቀድማችሁ ጠብቁት። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" የተባለው እንዲህ ላለው ሥራ ነው።

ቤታችሁን አትርሱ

ቢሮ ሲከፈት የሚከፍተው አንድ ሰው ቢመስልም ቤተሰቡ በሙሉ አብሮ ይገባበታል። ስለዚህ ባልና ሚስት ቁጥሮቹን አብራችሁ እዩ። የቤትና የቢሮ ገንዘብ በሁለት የተለያየ የባንክ ሒሳብ ይቀመጥ። ከቢሮው ወደ ቤት የሚመጣው በወር አንድ ጊዜ በደመወዝ መልክ ይሁን። በርበሬ የሚገዛበትና ኪራይ የሚከፈልበት ገንዘብ ከአንድ ኪስ ሲወጣ ቢሮው እያተረፈ ይሁን እየከሰረ ማንም አያውቅም፤ በመጨረሻም ቤት ውስጥ ጠብ ይሆናል።

ጊዜም እንዲሁ ነው። ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ የሥራ ስልካችሁ ይዘጋ፤ በድምፅ መልእክቱ ላይ ለአስቸኳይ ጉዳይ የት መሄድ እንደሚገባ ይነገር። ቀን ሙሉ የሌሎችን ልጆች ሲያዳምጥ ውሎ ለራሱ ልጅ "ደክሞኛል" የሚል አባት ቢሮው ቢያተርፍ እንኳ ቤቱ ይከስራል። የሚስታችሁ ጥያቄ "ዛሬ ማን መጣ?" ከሆነም አትመልሱ። "ዛሬ እንዴት ዋልክ?" ካለች ግን ከልባችሁ መልሱ። ትዳር ከተመካሪ ምሥጢር ውጭ ብዙ የሚያወራው አለው።

የማይታለፍ ድንበር

የሥራ ፈጣሪ አስተሳሰብ መልካም አገልጋይ ነው፤ ጌታ ሲሆን ግን ያስፈራል። ስለዚህ ድንበሩን አስቀድማችሁ አስምሩ። ሰው ከዳነ በኋላ ክፍያው እንዳይቋረጥ ብላችሁ አታቆዩት፤ መልካም አማካሪ ተመካሪው አንድ ቀን እንዳያስፈልገው አድርጎ ይሠራል። ከተመካሪ ጋር ንግድ አትሸርኩ፤ አትበደሩ፤ አታበድሩ። የቅርብ ዘመድንና አብራችሁ በአንድ ኮሚቴ የምታገለግሉትን ሰው በሙያ አታማክሩ፤ ሌላ ባለሙያ ፈልጉለት። ራሱን ሊያጠፋ የሚያስብ፣ ድምፅ የሚሰማ፣ መድኃኒት የሚያስፈልገው ሰው ሲገጥማችሁ ወደ አእምሮ ሐኪም ላኩት። "ገቢዬ ይቀንሳል" የሚል አሳብ በዚያች ደቂቃ ከመጣባችሁ ቆም ብላችሁ ከምታምኑት ባልደረባ ጋር ተነጋገሩ።

እንግዲህ ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ከላይ ያየነውን ዝርዝር በራሳችሁ ቁጥር ሞልታችሁ እውነተኛውን ዋጋችሁን አግኙ። ሁለተኛ፣ በወር ለስንት ሰው በነፃ ወይም በግማሽ ዋጋ ቦታ እንደምትይዙ ወስናችሁ ጻፉ። ሦስተኛ፣ ዋጋችሁን መስታወት ፊት ቆማችሁም ቢሆን ሳትንተባተቡ መናገርን ተለማመዱ፦ "ክፍያው ይህን ያህል ነው፤ የሚከብድዎት ከሆነ ንገሩኝ፣ መንገድ አለን።" ይህች አጭር ንግግር እውነትም ርኅራኄም አለባት። ይህን ቃል ከእናንተ የሰማ ሰው ዛሬ ያለ እፍረት ገብቶ ይቀመጣል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሲመጣም ያገኛችኋል።